እናቴ አላስላጭም ያለችው ጠጉር

ልጅ ሳለሁ፣ ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ፣ ተረት የምሰማው ራሴን እናቴ ጭን ላይ ጥዬ ነበር። ትምህርት ቤት በገባሁ በወራቱ ክፍሉን ሁሉ ቅማል ወረረው፤ ባንድ ወንበር አራት ሆነን ተጣብቀን ስንቀመጥ ካንዱ ራስ ወዳንዱ ይሻገራል፣ ምን ይሁን ብላችሁ ነው። መምህራችን ተላጭታችሁ ካልመጣችሁ አትገቡም ብሎ መለሰን። ወንዶቹ ወዲያው ተላጭተው ገቡ።

እናቴ ግን እምቢ አለች። ያኔ በኛ አገር ጠጉሯን ያሳደገች ልጅ የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው፤ እናቴ ደግሞ ወንድሜን ከወለደች ወዲህ ታማ ከመደብ አልተነሳችም። አክስቴ ቅማል እኮ ነው እንጂ ሞት አይደለም ብትላት፣ «እኔ በቁሜ ልጄ ሐዘንተኛ አትመስልም፤ ለቅሜ አጠራዋለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እሳቱ ዳር መደቧ ላይ ሆና፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ኩራዙን ጆሮዬ ሥር አስጠግታ ትለቅምልኛለች፤ ፍሙ ላይ ስትጥለው ጧ ይላል። እንዳልቁነጠነጥም ስለ ጦጢት ታወራኛለች። ጦጢት የልጇን ቅማል ስትለቅም ነብር ሊበላት ይመጣል፤ «ጌታዬ፣ የልጄን ራስ ልጨርስና» ትለዋለች። እሱ ተቀምጦ አልጨረስሽም ወይ ሲላት፣ ትንሽ ቀረኝ እያለች ሌሊቱን ታነጋዋለች። እኔ በነብሩ ሞኝነት እስቅ ነበር። ኋላ ኋላ ጣቶቿ ጠጉሬ ውስጥ እንዳሉ ዝም ይላሉ፤ እማ ተኛሽ ስላት፣ «ትንሽ ቀረኝ» ትለኛለች።

ጥር ሳይወጣ አረፈች። አክስቴ እያለቀሰች ጠጉሬን በምላጭ ላጨችው። መምህሩ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ራሴን ሲያይ አንገቱን ደፋ፤ ሲወጣም ቀስ ብሎ፣ «በይ ልጄ፣ ሰኞ ነይ» አለኝ። ሰኞ ወንድሜን አዝዬ አባብል ነበር፤ አክስቴ ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ ሌላ የሚይዘው ሰው አልነበረማ። ራሴ የጸዳ ጊዜ ጀርባዬ ተያዘ፣ እናንተዬ፤ ከትምህርት ቤቱም በዚያው ቀረሁ።

አሁን መርሳ ከተማ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ቅማል ይዛ ብትመጣ፣ እናቷ ከፋርማሲ ባመጣችው መድኃኒት አጥባ አበጥራ ላከቻት፤ ለካ ይኸው ነው፣ አልኩ። በእናቴ አልፈርድም፤ ባላት ጣት ታገለችልኝ። ብቻ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል፣ እጄ ሳላዘው ወደ ራሴ ይሄዳል።