ማን ማንን ይሸኝ?

ጋሼ ሱዳን በእግራቸው የገቡ ሰው ናቸው። ይህን ያልሰማ ሐበሻ እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ልደት ላይ ይናገሩታል፣ ክርስትና ላይ ይናገሩታል፣ መኪና ሲያሳጥቡ እንኳ አጠገባቸው ለቆመ ሰው ይናገሩታል። የገቡት ግን የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው። ዛሬ ከቤታቸው እስከ ፖስታ ሣጥናቸው የሚሄዱት በመኪና ነው። ሲጠየቁም “ከሥራ ስመለስ መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው” ይላሉ።

ስለዚህ “ፊሊፒንስ ገጠር ሄደን በእግር እንጓዝ” ባልኩ ጊዜ መጀመሪያ እሺ ያሉት እሳቸው መሆናቸው አልገረመኝም። ሁለተኛዋ ፖላሪስ የሚባለው ሞል ውስጥ ልብስ መደብር የምትሠራው ጓደኛዬ ናት። እሷ የወደደችው ጉዞውን ሳይሆን የጉዞውን ዕቃ ነው። ለሦስታችን ሁለት ሁለት የመንገድ ዱላ፣ ፊት ላይ መረብ የሚያወርድ ባርኔጣና ውሃ የማያስገባ ጫማ በሠራተኛ ዲስካውንት ገዝታ መጣች። ጫማው አንዴ ያስገባውን ውሃ እንደማያስወጣም በኋላ አየን።

ለሰው የነገርነው ምክንያት ዕረፍት ነው። እውነትም ነበር። ዕረፍታችንን በየዓመቱ የሚበላው የሰው ሠርግ ነው፤ ዳላስ ሠርግ፣ ሲያትል ሠርግ፣ ከዚያ መልስ፣ ከዚያ የመልስ መልስ። አንድም ዘመድ የሌለን፣ ማንም የማይሞሸርበት አገር እንሂድ ተባባልን።

እኔ ግን ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ከኮለምበስ ወጣ ብላ ባለችው ሂሊያርድ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። እዚያ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ አለች፤ ምሳችንን ተካፍለን የምንበላ ጓደኛዬ ናት። እናቷን ካየች ስምንት ዓመቷ ነው። ወረቀቷ ገና ስላላለቀ፣ ከአሜሪካ ከወጣች መመለሷ ያጠራጥራል። እናትየዋ ተራራ ላይ ያለች መንደር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸው ውስጥ ስልክ አይሠራም። በየእሑዱ አንዲት የጎረቤት ወጣት የእናትየዋን ድምፅ ቀርጻ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ትወጣና ትልከዋለች። የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “ደህና ነኝ። በልተሻል?”

“ለምን ራሷ አትወጣም?” አለችኝ ነርሷ አንድ ቀን ብሬክ ላይ ሆነን። “እግሯ እምቢ ብሏት ነው። ደብቀውኛል።”

እኛም በሽታ እንደብቃለን፤ ሬሳ እንኳ እንደብቃለን። አይዞሽ አልኳት።

“ስትሄጂ እዪልኝ” አለች። “ደህና ናት ብለሽ እንዳትመጪ። ደህና ነኝማ እሷም ትላለች። ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።”

ሎከሯን ከፍታ አንድ ፖስታ አሳየችኝ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋ ነበር፤ ተፈርሟል። እናቷ መሄድ ካልቻሉ የስምንት ዓመት ጥበቃዋን ጥላ አገሯ ልትገባ ቆርጣለች። እኔ እኮ ዕረፍት ነበር የምወጣው።

ሦስት ቅዳሜ ሞል ውስጥ እየዞርን ተለማመድን። ጥሩ ልምምድ ነበር፤ ችግሩ ሞል ውስጥ አቀበት የለም።

ከማኒላ ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ፣ ቀሪውን በጂፕኒ ሄድን። ጂፕኒ ማለት ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ቀለሙ እንደ ሠርግ መኪና ያሸበረቀ ረጅም መኪና ነው። እዚያ መንገድ ላይ በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው። ገደል አፋፍ ላይ አራግፎን ሄደ። ነርሷ “ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ነው” ብላኝ ነበር። እኛ አራት ሰዓት ፈጀን።

መንገዱ መንገድ አይደለም፤ የሩዝ እርከን ግድግዳ ጫፍ ነው። ስፋቱ አንድ እግር ብቻ ያስቆማል። በአንድ በኩል ውሃ የሞላ ማሳ አለ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። የፖላሪሷ ጓደኛዬ በየእርምጃው “በኢየሱስ ስም!” ትላለች። ጋሼ በየመታጠፊያው ያማትባሉ፤ ዱላውን ሳይለቁ ስለሚያማትቡ ዓይኔን ሊያወጡኝ ምንም አልቀራቸውም። አንዲት ሴት ማገዶ ተሸክማ አልፋን ሄደች። ማገዶውን አድርሳ ስትመለስም አገኘችን። ብዙም አልራቅንም ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ ማሳው ውስጥ እስከ ወገባቸው ገቡ።

“ጋሼ! ሱዳን በእግርዎ ገብተው የለ እንዴ?” አለቻቸው ጓደኛዬ ሳቋን ማፈን አቅቷት።

“ሱዳን ውሃ የለም” አሉ ከጭቃው ውስጥ።

እንዲህ ሆነን ደረስን። እናትየዋ ቤታቸው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስለሆኑ እንግሊዝኛቸው ከእኛ ይሻላል። አዩን፣ አዘኑ፣ አስቀመጡንና ውሃ ሊያመጡልን ብድግ አሉ።

ትልቅ ሰው ሲነሳ ቁጭ ብሎ ማየት እንዴት ይሆናል? ሦስታችንም “ኖር!” ብለን እኩል ተነሳን። የጋሼ ጉልበት ቋ ሲል ጎረቤት ተሰማ። ጓደኛዬ ባቷን የጡንቻ ቁርጠት ያዛትና ጮኸች። እኔ የጋሼን ትከሻ ይዤ ነው የቆምኩት። እናትየዋ ተራ በተራ አዩንና ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ውሃውን ያችው ስልክ ይዛ ተራራ የምትወጣው ወጣት አመጣችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እናትየዋ ሲነሱ አላየሁም።

ስንበላ ተቀምጠዋል። ስንተኛ ተቀምጠዋል። ጠዋት ማንም ሳይቀድመኝ ብዬ ስነቃ እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው፤ ነጠላ ጫማቸው ግን ርሷል። ማን አረጠበው? ፈራሁ። ደግፈው ያመጧቸው መሰለኝ።

“ለምን በቀጥታ አትጠይቂያቸውም?” አለች ጓደኛዬ።

ሥራ ቦታ በቀን ስንቱን አዛውንት “መራመድ ይችላሉ?” እያልኩ ፎርም እሞላለሁ። የሰው ሩዝ በልቼ፣ የሰው ምንጣፍ ላይ ተኝቼ እሳቸውን መጠየቅ ግን አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ በብልሃት እንሞክር ተባለ። ጋሼ “ጀንበሯ ስትገባ አብረን ወጥተን እንይ” አሏቸው። “አይቻታለሁ” አሉ እናትየዋ። ጓደኛዬ ተነስተው ያነሱት እንደሆነ ብላ ብርቱካን ወደ እሳቸው አንከባለለች። ቁጭ እንዳሉ እንደ ኳስ ተጫዋች በእግራቸው አቁመው መለሱላት።

“አየሽ፣ እግሩ ወርክ ያደርጋል!” አለችኝ በሹክሹክታ።

“መምታቱን ማን ጠየቀሽ? መሄዱን ነው!”

በሦስተኛው ቀን መሄጃችን ደረሰ። ጂፕኒው የሚያልፈው ረፋድ ላይ ነበር፤ አካሄዳችንን ስለምናውቅ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እናትየዋን እዚያው አግዳሚያቸው ላይ አቅፌ ስስማቸው እንባዬ መጣ። ለልጃቸው የምለው ተወስኗል፤ እናትሽ አይሄዱም። ደብዳቤው ከሎከር ሲወጣ ታየኝ።

ሻንጣዬን ስሸከም እናትየዋ ብድግ አሉ።

“እስከ መንደሩ ጫፍ ልሸኛችሁ” ብለው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወረዱ። እኛ ዱላችንን እስክናስተካክል ሦስተኛው እርከን ላይ ነበሩ። በዚያች አንድ እግር በምታስቆም ግድግዳ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ግቢያቸው። አፌን ያዝኩ።

መንደሩ ጫፍ ያለው ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁን። ስንደርስ “በሉ ደህና ግቡ” አሉና ለመመለስ ዞሩ።

ያን ጊዜ ጋሼ እጄን ያዙ። “እኚህን ትልቅ ሴትዮ ብቻቸውን ልንመልሳቸው ነው?”

“ጋሼ፣ ጂፕኒው ያመልጠናል!”

“ነውር አይደለም እንዴ? እናትሽ ብትሆን?”

እናቴን ካነሱማ አለቀ። መለስናቸው። ደጃፋቸው ስንደርስ እናትየዋ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ቀጥለው “እንግዳ ከቤቴ ብቻውን አይወጣም” አሉና እንደገና ወጡ። ዛፉ ሥር ደረስን። ጋሼ አሁንም “አይሆንም” አሉ። መለስናቸው። ሸኙን። ያቺ ማገዶ የተሸከመችው ሴት ዛሬም አለፈችን፤ አሁን ግን ሸክሟን አውርዳ ተቀምጣ ታየን ጀመር።

ሦስተኛው ዙር ላይ የጂፕኒው ጡሩምባ ከታች ተሰማ። ያ ቀለማሙ መኪና ጥምዝምዙን ዞሮ ሲሄድ ከላይ ሆነን አየነው። እናትየዋ ዛፉን ተደግፈው ከት ብለው ሳቁ።

“ለምንድነው የምትመልሱኝ?” አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

አስረዳናቸው። እኔም ከዚህ በላይ የሚመጣ ነውር የለም ብዬ “ታዲያ እርስዎ ሁለት ቀን ሙሉ ለምን ተቀመጡ?” አልኳቸው።

“እኔ ስነሳ እናንተም ትነሳላችሁ” አሉ። “የሰውዬው ጉልበት ሲጮህ ሰማሁት። አሳዘናችሁኝ። ሥራዬን ሁሉ የምሠራው ገና ሳትነቁ ነበር።”

ለአክብሮት ብለን ሁለት ቀን ሙሉ አግዳሚ ላይ ያሰርናቸው እኛው ነን። ጋሼ ጉልበታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

“ጉብታው ላይ ወጥተው ለልጅዎ ለምን አይደውሉም?” አልኩ።

“ያቺ የጎረቤት ልጅ እጮኛዋን ለማናገር መውጣቷ አይቀርም፤ ድምፄን ይዛልኝ ትሄዳለች” አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው “የልጄን ፊት በስልክ ካየሁ ነይ እላታለሁ ብዬ ነው” አሉ። “እንዳልላት ፈርቼ ነው።”

ልጃቸው ስለ እግራቸው ምን እንዳሰበች፣ ስለ ደብዳቤውም ጭምር ነገርኳቸው። ሰሙኝና ጫማዬንና ሁለቱን ዱላዎቼን ተመለከቱ።

“ልጄም የምትሄደው እንደ እናንተ ነው?”

ምን እዋሻለሁ? “አሜሪካ ከበር እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ በር ነው” አልኩ።

ደነገጡ። “ትምህርት ቤት እኮ በዚህ ላይ እየሮጠች ነበር የምትመጣው! ለእኔ እግር ብላ እንዳትመጣ ንገሪያት። የራሷን አካሄድ ግን ታሳየኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጉብታው ላይ እኔው እወጣለሁ።”

በማግስቱ ጋሼ እንደ ሽማግሌ ቆመው ዳኙ። ከቤቱና ከመኪናው መንገድ እኩል ርቀት ላይ አንድ ድንጋይ ተመረጠ። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም እኩል እንዞራለን፤ ማንም ማንንም አይመልስም። እናትየዋ ተስማሙ። እስከ ድንጋዩ ድረስ ከፊት ሆነው ሲመሩን ቪዲዮ ቀረጽኩ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሁለት ጊዜ ዞረው አይተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተቆጣኋቸው።

ኮለምበስ ስመለስ ብሬክ ሩም ውስጥ ስልኬን ለነርሷ ሰጠኋት። መጀመሪያ የእናቷን እግር ብቻ አየች። ከመጀመሪያ አስጀምራ እንደገና አየች። ሦስተኛ ጊዜ ስታይ “ይህች ከኋላ እያለከለከች የምትጮኸው ማናት?” አለች።

“ቀራጯ ናት። እኔ ነኝ።”

ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። መልእክቱን ነገርኳት፤ ነይ እላታለሁ ብለው የፈሩትንም አልደበቅኳትም። ሄዳ ሎከሯን ከፈተች፣ ፖስታውን አወጣች፣ ቀድዳ ጣለችው።

ቅዳሜ አመሻሽ እኛ ከሥራ ስንወጣ እዚያ እሑድ ማለዳ ነው። ፓርኪንግ ሎቱ መሐል ስልኳ ጮኸ። እናትየዋ ጉብታው ላይ ናቸው፤ ነፋሱ ፀጉራቸውን ይበትነዋል፣ ትንፋሻቸው እንኳ አልፈጠነም። እናትና ልጅ ተያዩ። እኔ ያ የፈሩት “ነይ” የሚለው ቃል መጣ ብዬ ጠበቅኩ።

“ስልኩን ለጓደኛሽ ስጪና ሂጂ” አሉ እናትየዋ። “ልይሽ።”

ሰጠችኝ። እስከ መኪናዋ ሄደች። የምንጦራቸው አዛውንቶች መስኮቱ ላይ ተሰብስበው ያያሉ። መኪናዋ ጋ ደርሳ ዞረችና ወደ እኛ መመለስ ጀመረች።

“ብቻዋን ነው እንዴ የምትመለሰው?” አሉኝ እናትየዋ ከተራራቸው ላይ። “ነውር አይደለም? ሂጂና መልሻት እንጂ!”

ሄጄ መለስኳት። እሷ ደግሞ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። መለስኳት። ሸኘችኝ።