ያልተለካው ፍሬ

ፖሊሶች የያዙን ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዶክተርንና እኔን፣ ሀና ማርያም ካለው ቢሮአቸው። ዶክተር የአኩሪ አተር ዝርያ የሚያሻሽሉ ተመራማሪ ናቸው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እሳቸው ፍሬውን በማሽን ለክተው ፕሮቲኑንና ዘይቱን ሲነግሩኝ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ፈታሾቹ በየፖስታው ለይተን ያስቀመጥናቸውን ፍሬዎች በሙሉ አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። ዶክተር ዓይናቸውን የጨፈኑት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የታሰርንበት ክፍል የቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። ዶክተርንና እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ከግቢው ግንብ ማዶ የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ቤቴ ጀሞ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሥራ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ አንዲት ፍሬ አገኘሁ። ለዶክተር አሳየኋቸው።

«ይቺ ከየትኛው ፖስታ ናት?»

«በዓይን አይታወቅም፣ ልጄ። ከእናት ከአባቷ የወረሰችው ውስጧ ነው ያለው። ፕሮቲኑ ሲጨምር ዘይቱ ይቀንሳል፣ ዘይቱ ሲጨምር ፕሮቲኑ። ሁለቱም የበረከቱለት አንድ ተክል ነው ስፈልግ የኖርኩት።»

አንዷ እስረኛ፣ አትክልት ነጋዴ ናት፣ ከጥግ ሳቀች። «ዘይት ካላትማ እዚሁ ይጭመቁልንና ሽሮው ይጣፍጥ!»

ዶክተርም ሳቁ።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ፎርም ዘረጋልኝ። «ቢሮው ውስጥ እነማን ይሰበሰቡ እንደነበር ትጽፊያለሽ። ስሞቹን እኔ እነግርሻለሁ። ከፈረምሽ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«ሰው ሲሰበሰብ አላየሁም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ? ስሚ፣ እህቴ፤ ዶክተሯ የተማረች ናት፣ ጠበቃ አላት። አንቺ ማን አለሽ?»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ፖስታ ሳይለካ አመለጠኝና፣ ፍሬው ወፈር ያለ ስለነበር ከራሴ የዘይት ቁጥር ጻፍኩለት። ዶክተር ደረሱበት። አልተቆጡኝም። «አንድ የውሸት ቁጥር ከገባ ከዚያ በኋላ የምናዳቅለው ሁሉ ይበላሻል። ያልተለካ ከሆነ ሰረዝ አድርጊበት» ነው ያሉኝ።

ፎርሙ ላይ ለስም የተተወው አምስት መስመር ነበር። በአምስቱም ላይ፣ ሌላ እንዳይጻፍበት አጥብቄ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝ አደረግሁ። ከታች ፈረምኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያላየሁት ነው» አልኩት። ይሄኛው ለራሴም ተሰማኝ።

እስር ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ቀን ጨመርኩ። ዶክተር ከእኔ በኋላ ሁለት ወር ቆይተው ወጡ። ሰረዞቹ ይጥቀሟቸው አይጥቀሟቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁንም ታክሲ ስሳፈር በሩ አጠገብ ቦታ ካላገኘሁ ሌላ እጠብቃለሁ። ዶክተር ማዳቀሉን ከመጀመሪያው ጀምረዋል፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ያቺ የኪሴ ፍሬ ለብቻዋ ፖስታ አላት። በእናት ቦታ ሰረዝ፣ በአባት ቦታ ሰረዝ። ክረምት ሲገባ እንዘራታለን።