ዝም ብዬ የበላሁት ሾርባ

ዛሬ ምሳ ላይ የማላውቀውን ሰው አጎረስኩ።

ይኸውልህ፣ የልጅ ልጄ እዚህ ኦሃዮ፣ ደብሊን ከተማ፣ ቢሮዋ አጠገብ ወደተከፈተ ራመን የሚባል የጃፓን የኑድል ሾርባ ቤት ወሰደችኝ። ባንኮኒው ጋ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሳህኑ ሲመጣ እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው። እኔም ደስ ብሎኝ ኑድሉን በሹካ ጠቅለል አደረግኩና "በሞቴ!" ብዬ ወደ ቀኜ ዘረጋሁ። ለካ ልጅቷ የተቀመጠችው በግራዬ ነው። በቀኜ የነበረው ከረባት ያሰረ ፈረንጅ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ አፉን ከፍቶ ጎረሰ። "ታንክ ዩ" አለኝ፣ እያላመጠ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ!" አለች የልጅ ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፍና።

መነጽሬን ስጠርግ ያ የዶሮ አጥንትና የነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ጸጉርም ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ከተከራየሁት ክፍል መንገድ ተሻግሮ ስምንት ወንበር ብቻ ያላት የራመን ቤት ነበረች። ባለቤቶቹ ጃፓናዊ ሽማግሌና ሚስታቸው ናቸው። የወንበሮቹ ቀይ ቆዳ ተቀዶ በፕላስተር ተጣብቋል፤ የክረምቱ ብርሃን በላብ በራሰው መስኮት ደብዝዞ ይገባል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ምድጃው፣ ጀርባቸውን ወደኛ አድርገው ይሠራሉ። ተመጋቢው ሁሉ ኑድሉን ሹርርር እያደረገ ሲስብ ቤቱ አየር እንደገባበት ቧንቧ ይጮኻል።

እኔ ብቻ ዝም። እናቴ ስበላ ድምፅ ካሰማሁ ከገበታው ሥር ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ እጇ ኦሃዮ ድረስ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እንደ ሌባ በጸጥታ እጎርሳለሁ። በሆዴም "ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?" እያልኩ ሌሎቹን እታዘባለሁ።

አንድ ቀን ሳላዝ እንቁላል ተጨመረልኝ። በሌላው ሳምንት ሾርባው ጨው በዛበት፤ በሚቀጥለው ደግሞ ቀነሰ። ሥጋው ወፈረልኝ። መልከ መልካም ስለሆንኩ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በመጨረሻ ሚስትየው ጠጋ ብለው "አትወደውም እንዴ?" አሉኝ።

"በጣም ነው እንጂ የምወደው!"

"ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ? በእኛ አገር ሹርርር ማድረግ 'ጣፈጠኝ' ማለት ነው። እሱ የሰው ፊት አያይም፣ ድምፅ ነው የሚሰማው። አንተ መምጣት ከጀመርክ ወዲህ 'እጄ አርጅቷል' ይላል። ምድጃውን ላጥፋ እያለኝ ነው።"

ደነገጥኩ። ወዲያው አንድ ትልቅ ጉርሻ በኃይል ሳብኩ፤ ሾርባው በተሳሳተ በኩል ገባ። ሳልኩ፣ እንባዬ ወረደ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ። እሳቸው አልሳቁም። ያዩት ምግባቸው ያነቀውን ሰው ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ክፍሌን ዘግቼ በፓስታ ተለማመድኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ግድግዳው ላይ የተረጨውን ስጎ እያየ "ጤና የለህም እንዴ?" ይለኝ ነበር። አንዴም ሳያንቀኝ መሳብ ስችል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ምድጃው ቀዝቅዟል። ሚስትየው ሳህኖቹን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። "ጉልበቱ አልታዘዝ አለው" አሉኝ፤ "ልጃችን ደብሊን ወዳለው ቤቱ ወሰደው።"

"ሾርባው እኮ ልዩ ነበር" አልኳቸው።

"እኔ አውቃለሁ። እሱ ነው ያላወቀው።" የያዙትን ሳህን አስቀምጠው "ልንገርልህ?" አሉ።

"የለም፣ ራሴ መጥቼ አሰማቸዋለሁ!"

ያን ያህል የለፋሁበትን ሙያ በሰው አፍ መላክ አስጠላኝ። እሳቸውም አድራሻውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።

መኪና አልነበረኝም። መኪና ሳገኝ ፈተና ደረሰ። ፈተናው ሲያልቅ ግሮቭ ሲቲ የምትባል ሌላ ከተማ የመጋዘን ሥራ ያዝኩ። ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ይህን ሁሉ ቆይቼ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ አልኩ። ወረቀቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ኮቱን ከነወረቀቱ ለሰው ሰጠሁት።

ዛሬ መነጽሬን መልሼ ሳደርግ ወጣቱ አብሳይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩና ሳብኩ። ሹርርርርር! አልሳልኩም። ከረባት ያሰረው ወዳጄ ሹካውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

"አባባ፣ ስቶፕ! ሰው እያየን ነው!"

አብሳዩ ግን አልዞረም። ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቷል።

"ሁ ዋዝ ዛት ፎር?" አለች የልጅ ልጄ ሳቋን ይዛ።

"እዚሁ ደብሊን ይኖሩ ለነበሩ ሰውዬ" አልኳት። "አንድ የሹርርታ ዕዳ አለብኝ። ለሚስታቸው ራሴ አመጣለሁ ብዬ ነበር።"