ለሊቀመንበሩ የተነሣሁ ቀን

ትናንት ቢቸና ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ገቡ። ድንኳኑ በሙሉ «ኖር» ብሎ ተነሣ። እኔ አልተነሣሁም። ሰው አፍጥጦ አየኝ። ይየኝ። ገና በር ላይ ሳያቸው ብሽሽቴ ላይ ያለው ጠባሳ ጠዘጠዘኝ።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ለብሔራዊ ውትድርና የማን ልጅ እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ያኔ ሞጣ ላይ ቡአዬን ኦፕራሲዮን ተደርጌ፣ በእህል መኪና ተጭኜ መመለሴ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ስፌቱ የሚተረተር ይመስለኝ ነበር። ቤት ከገባሁም በኋላ ሳል ሲመጣብኝ ትራሱን ሆዴ ላይ ጫን አድርጌ ጥርሴን እነክሳለሁ። አልጋዬ አዮዲንና ላብ ይሸታል።

ሊቀመንበሩ ሊጠይቁኝ መጡ። አባቴ ደንግጦ «ተነሣ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ» አለኝ። ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ። ከብሽሽቴ እስከ ጉልበቴ እሳት ወረደብኝ። «ኖር» አልኩ።

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን «በእግዜር፣ አትነሣ» ብሎ ገና ከደጅ ይከለክለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ታሟል ያልከኝ ይኸን ነው? ይኸው ቆሟል እኮ። ሰኞ ከሚሄዱት ጋር ይሂድ።»

ትናንት እፊቴ ቆም ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «መነሣት አልችልም።»