የክርስትና አባት አልሆንም ያልኩበት እሁድ

ትናንት ከሰዓት እዚህ አምስተርዳም ዳፐር ገበያ ከልጄ ጋር ዓሣ ስንገዛ፣ አንድ የማላውቀው ሐበሻ ሽማግሌ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየውና «አባቱ ፈረንጅ ነው?» አለኝ። አባቱ እዚያው አጠገቡ ቆሜ!

እኔ አፌን ሳልከፍት ልጁ መለሰለት። ምን እንዳለው ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሌላ ሰው ታሪኩን አበላሽቶ ከሚያወራው፣ ልጁን አስፈቅጄ ራሴ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ጽጌ ዴን ሃግ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የልብ ጓደኛሞች ነን። እኔ ደግሞ እወዳታለሁ... አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ባቡር ውስጥ «ልጅ እፈልጋለሁ፤ ባል መጠበቅ ግን ሰልችቶኛል» አለችኝ። ሮተርዳም ውስጥ ከማይታወቅ ሰው በተለገሰ ዘር የሚያስረግዝ ክሊኒክ አግኝታለች። «ብቻዬን ፈራሁ፤ አብረኸኝ ሂድ። አንተ እንደ ወንድሜ አይደለህ?»

ወንድሟ! ሄድኩ። ስንመላለስ አንድ ቀን ነርሷ «ባልሽ እዚህ ይጠብቅሽ» ስትላት «ባሏ አይደለሁም!» ብዬ አረምኳት። ምስኪኗ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ልጁ ተወለደ። ፀጉሩ ካሮት ነው። ሐበሻው ሁሉ አባት ፍለጋ ተሰማራ፤ ጽጌ ግን ግድም አልሰጣት። ልጁን አሳቀፈችኝና «የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን?»

«አይሆንም አልኩሽ።»

ልጁን ከእጄ ወሰደችው። «አንተ እንኳን አትንቀውም ብዬ ነበር...»

ይኼ ነው ያንገበገበኝ። የናቅኩት መሰላት! እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። የልጁ የክርስትና አባት ከሆንኩ የእሷ አበልጅ እሆናለሁ። አበልጅ ደግሞ አይጋባም። በቃ፣ በሩ እስከ ወዲያኛው ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ስልኬን አታነሳም። ያኔ የራሳችን ቄስ ስላልነበረን አባ ከለንደን መጡና፣ ሮተርዳም ውስጥ በተዋስናት ቤተክርስቲያን የክርስትናው እሁድ ደረሰ። ሳልጠራ ሄድኩ።

«የክርስትና አባቱ ማነው?» አሉ አባ።

«እዚያ የቆመው ነበር፤ እምቢ አለ» አለች ጽጌ፣ እኔን ሳታይ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ልጄ?»

«አባ፣ አበልጇ ከሆንኩ ላገባት አልችልማ!»

አባ መጽሐፋቸውን ዘጉት።

«ልታገባት ነው እንዴ?»

«ገና አልጠየቅኳትም።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«አሁን ሰማች።»

ጽጌ ዞራ አፈጠጠችብኝ። «አንተ ድንጋይ! ያን ሁሉ ጊዜ ሮተርዳም ስታመላልሰኝ አፍ አልነበረህም?»

አባ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ጭቅጭቁን በኋላ፤ ሕፃኑ በረደው» አሉ። ጋሽ በቀለ የሚባሉ የትራም ሹፌር ማንም ሳይጠይቃቸው ኮታቸውን አውልቀው ወጡና ልጁን ከውኃው ተቀበሉ። እግዜር ይስጣቸው።

በባቡር ስንመለስ ጽጌ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ያዘው። እጄ ደክሟል።»

መልሷ ይኸው ነበር።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ልጄ ሰውዬውን «አባቴ እዚህ ቆሟል፤ አንተ መጀመሪያ ጥያቄህን አስተካክል!» አለው። የዚህ አገር ልጅ አይደል፣ ሽማግሌውን «አንተ» ብሎ!

ቤት ገብተን ለጽጌ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። «ፀጉሩን እንጃ፤ ቁጣው ግን የአባቱ ነው።»