ንፍፊቱን የደበቅኩበት ሳምንት

መጀመሪያ የታወቀኝ ጨርቅ ስይዝ ነው። የልብስ ሰፊ ቀኝ እጁ መቀሱን ሲያንቀሳቅስ ግራው ጨርቁን ይመራል። የኮቪድ ክትባቱን የወሰድኩት ጠዋት ነበር፤ ቀኙ እንጀራዬ ነውና በግራ ክንዴ አስወጋሁት። ከሰዓት በኋላ ዲላ ገበያ ዳር ካለችው ሱቄ ቁጭ ብዬ የአንድ ተማሪ ሱሪ ስቆርጥ ግራዬ ከበደኝ። የራሴ እጅ ሳይሆን ሰው አደራ ያስያዘኝ ዕቃ መሰለኝ።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ መድኃኒት የማውቀው የደረሰብኝን ብቻ ነው። ግን ተከትባችሁ ያመማችሁ፣ ወይም ሰው ሲያመው አይታችሁ የፈራችሁ ካላችሁ፣ የእኔ ስህተት ትጠቅማችሁ ይሆናል።

ስህተቷ የጀመረችው ከቤት ነው። ባለቤቴ እታገኝ ስኳር አለባት፤ ብዙ ዓመቷ ነው። እንደሷ ስኳር የነበረባቸውን ጎረቤታችንን በኮቪድ ቀብረናል። ከዚያ ወዲህ እሷ በሳለች ቁጥር እኔን ውስጤን ይወጋኛል። ክትባቱ ሲመጣ አብረን እንሂድ አልኳት።

"አንተ ቅደም" አለችኝ። "እኔ አንተን አይቼ።"

ይሄ ቃል አሰረኝ። ምንም ካልሆንኩ ትከተባለች፣ ከታመምኩ ትቀራለች ማለቷ ነው ብዬ ያዝኩት።

ጤና ጣቢያ የወጋችኝ ነርስ ነግራኝ ነበር። ክንድ ያማል፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ አንድ ሁለት ቀን ነው። ደረትዎን ከወጋዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ፊትዎ ካበጠ ቶሎ ይምጡ፤ ሌላም ያልገባዎት ነገር ካለ ይጠይቁን። እኔ ግን "ልጄ፣ በቀን ስንቴ በመርፌ እንደምወጋ ብታውቂ" እያልኩ ስቀልድ ግማሹን ሳልሰማ ወጣሁ።

በማግስቱ ብርድ ያዘኝ። ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። አልለቀቀኝም። ጥርሴ ተጋጨ። ጉልበቴ ታመመ፣ ወገቤ ታመመ። ራሴ ጋለ። ጋቢዬን ተከናንቤ ቤት ገባሁ።

"ምን ሆንክ?" አለች እታገኝ።

"ምንም። የክረምቱ ብርድ ነው።"

"ክረምቱ መቼ ገባና?"

ጋቢዬን ራሴ ላይ ሳብኩ።

ትኩሳቱ ከሁለት ቀን በኋላ ለቀቀኝ። ተመስገን ብዬ ሸሚዜን ስለብስ ብብቴ ሥር አንድ ነገር ነካኝ። በግራ በኩል። እብጠት ነው። የእሸት ቡና ፍሬ ያህላል። ስነካው ያማል። ከዚያ በፊት አልነበረም። ነቀርሳ ነው አልኩ በልቤ። ቆይቼ ደግሞ፣ አይ፣ ንፍፊት ነው አልኩ።

ንፍፊት እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። እግር ሲቆስል ብሽሽት ያብጣል፤ ያን ጊዜ በቅቤ ይታሻል። ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ እታገኝ ትሰማለች፤ ዲላ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ስለዚህ "የሸሚዝ ቁልፍ ገዝቼ ልምጣ" ብያት አጎራባች ከተማ ወናጎ ወዳሉ አንድ ወጌሻ ሄድኩ። ስብራት በመጠገን ስማቸው የተመሰገነ ሽማግሌ ናቸው። ብብቴን ዳበሱና "ይሄማ ቀላል ነው፤ ጥርስህን ንከስ ወንድሜ" አሉኝ። አውራ ጣታቸው ብረት ነው። አሹኝ። ጮኽኩ። ደግመው አሹኝ።

በነጋታው ብብቴ ጠቆረ። እብጠቱ እጥፍ ሆነ። ክንዴ አልነሳ አለኝ። መስፋት አልቻልኩም። እሞታለሁ ብዬ አልፈራሁም። እታገኝ ሳትከተብ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ።

ሸሚዜን በአንድ እጅ ለመልበስ ስታገል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ቁልፉ የታለ?"

"የምን ቁልፍ?"

"ትናንት ግማሽ ቀን ስትገዛው የዋልከው።"

"አጣሁ።"

"ዲላን የሚያህል ከተማ የሸሚዝ ቁልፍ ጠፋ? እስቲ እጅህን አንሳ። አንሳ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!"

አላነሳሁም። መጥታ ሸሚዙን ገለጠችው። አየች። አልጮኸችም። ነጠላዋን ጣል አደረገችና "ተነስ" አለችኝ።

ነርሷ ያቺው ነበረች። የገደብ ልጅ ናት፤ እጇ እንደ ንግግሯ ለስላሳ ነው።

"አባባ፣ ይሄ ሊምፍ ኖድ የምንለው ነው፤ እናንተ ንፍፊት የምትሉት። ሰውነትዎ ክትባቱን ሲለምድ በተወጋው ክንድ በኩል ሊያብጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ይሄ ጥቁሩ ግን ከክትባቱ አይደለም። ማን ነው እንዲህ ያረገዎት?"

"ወጌሻ" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

"ንፍፊቱ እኮ ለእርስዎ እየሠራ ነበር። እርስዎ አስደበደቡት!"

እታገኝ ሳቀች። በዚያ ሳምንት ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪሙም መጥቶ አየኝ። ፓራሲታሞል አዘዘልኝ። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ማንም እንዳያሸው፣ እያደገ ከሄደ ወይም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካልጠፋ ይመለሱ አለኝ። ከዚያ ነርሷ ቅጽ አውጥታ ትኩሳቱ መቼ ጀመረ፣ እብጠቱ መቼ ታየ እያለች ትጽፍ ጀመር።

"ይሄም ይጻፋል?" አልኳት።

"ይጻፋል እንጂ። የተደበቀውን ግን ምን ብዬ ልጻፈው?"

እኔ እኮ አመመኝ ካልኩ ክትባቱን የማማው መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ እታገኝ ጥላኝ ፊት ፊት ሄደች። ባጃጅ እንያዝ ብላት በእግሬ አለች። አለቀ፣ ከእንግዲህ አትከተብም አልኩ። መንገዳችን ላይ ካለው ድልድይ ስንደርስ ቆመች።

"አንተን አይቼ ያልኩህ ምን መስሎህ ነው?"

"ምንም ካልሆንኩ..."

"አላልኩም! የማይታመም ሰው አለ እንዴ? ሲያምህ እንዴት እንደሚይዝህ፣ እንዴትስ እንደሚለቅህ ልይ ብዬ ነው። ታመህ ከደበቅከኝ ምኑን ልይ?"

አርባ ዓመት አብረን ኖረን ሁለት ቃሏን በቅጡ አልሰማኋቸውም።

ከዚያ ወዲያ ማየቱን ሥራዬ ብላ ያዘችው። በየጠዋቱ ቁርሳችንን ከመብላታችን በፊት መስኮቱ ዘንድ ታስቀምጠኝና ብብቴን በአንድ ጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትመዝነዋለች፤ መጀመሪያ ከእሸት ቡና ይበልጣል አለች፣ ሰንበት ብላ የተፈለፈለ ቡና አከለ አለች፣ ቀጥሎ ምስር አለች፣ እኔም ክንዴ ቀስ በቀስ እየተፈታልኝ የዚያን ተማሪ ሱሪ ጨርሼ ካስረከብኩ በኋላ አንድ ጠዋት ፈልጋ ፈልጋ "ሄደ" አለችኝ። በዚያው ዕለት ቁርሷን በልታ፣ የስኳር መድኃኒቷን ወስዳ፣ የክት ጫማዋን አድርጋ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተከተበች።

እሷንስ? ምንም አላላትም። ክንዷን እንኳ አላመማትም። በሦስተኛው ቀን ቅር ብሏት አገኘኋት።

"አልያዘኝም መሰለኝ።"

አልፈረድኩባትም። ልጆች ሳለን ለፈንጣጣ ስንከተብ ክንዳችን ካልቆሰለ አልያዘውም ይባል ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም በሁለታችንም ክንድ ላይ አለ። ክንዷን አንስታ "እስቲ ንፍፊት ፈልግልኝ" አለችኝ። ፈለግኩ። የለም። ሄደን ነርሷን ብንጠይቃት "እማማ፣ ያላመመውንም ይይዘዋል" ብላ አረጋጋቻት።

ነርሷንና ሐኪሙን እግዜር ይስጥልኝ። ወጌሻውንም አልወቅስ፤ ስብራት ይዤ ብሄድ ኖሮ ያድኑኝ ነበር፣ ያልሆነ ነገር የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ። እናንተም ከክትባት በኋላ ያልለመዳችሁት ነገር ብታዩ አትሹት፣ አትደብቁት። ለጤና ጣቢያው ተናገሩ። ከዚያ በፊት ግን አብሯችሁ ለሚኖረው ሰው ተናገሩ፤ እናንተን አይቶ የሚወስን ይኖራል።

እኛ ቤት እንግዲህ እንዲህ ሆኗል። ጣቴን መርፌ ቢወጋኝ እንኳ "እታገኝ፣ እዪኝ" እላለሁ። መነጽሯን እየፈለገች ትመጣለች።