መርከቧ እስክታልቅ

ሰም ከጥላሸት ጋር ገል ላይ ሲቀልጥ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ይጣፍጣል፣ ይመራልም፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ይላል። በቀደም ዕለት ጎረቤቴ የተሰነጠቀ እንስራዋን ልትደፍንበት ሰም ስታቀልጥ ያ ሽታ በአጥሩ ሾልኮ መጣና፣ እኔን አሮጊቷን እዚያው በተቀመጥኩበት ወደ ሕፃንነቴ መለሰኝ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል አሉ። እኔን ግን አንጀቴን ነው የሚያሳርረኝ። የአባቴ መርከብ ሽታ ነዋ! ለዚያች መርከብ ምን እንደከፈልን ደግሞ በሕይወት ካለን ሰዎች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤታችን ከአሶሳ ወዲያ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ሽመል፣ ማለት የቆላ ቀርከሃ፣ መሃል ነበር። ግድግዳው ሽመል፣ አጥሩ ሽመል፣ አልጋው ሽመል። ባሕር የሚባል ነገር በዐይናችን አይተን አናውቅም፤ የሠፈራችን ወንዝ ራሱ በበጋ ፍየል ጉልበቷ ሳይረጥብ የምትሻገረው ነበር። እንግዲህ አባቴ የጦር መርከብ የሚሠራው እዚያ ተቀምጦ ነው። በወጣትነቱ ወደ ሱዳን ተወስዶ፣ በዓባይ ላይ በምትመላለስ የጦር መርከብ ውስጥ እሳት አንዳጅ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ በመጨረሻ ጠፍቶ በእግሩ አገሩ ገብቶ ነው እናቴን ያገባት። ይዞት የመጣው ሀብት ወሬ ብቻ ነበር። መርከቧ ከብረት ተሠርታ እንደምትንሳፈፍ፣ እሳት በልታ ውሃ ላይ እንደምትሮጥ ሲያወራ የሠፈሩ ሰው ፊቱን አዙሮ ይስቅ ነበር። «ዛሬስ ብረቱ ተንሳፈፈ ወይ?» እያሉ መንገድ ላይ ሲያበሽቁት ያልፋቸውና፣ ቤት ሲገባ መርከቧን ሊቀርጽ ቢላዋውን ያነሣ ነበር። ያን ሁሉ የጀመረው እንዲያምኑት ብሎ ነው። ሌላ ጥቅም አልፈለገባትም፤ ይህን እንኳ እመሰክርለታለሁ።

ክረምት ሲገባ ሴቶቹ ሁሉ ገበቴያቸውን ይዘው ወርቅ ሊያጥቡ ወንዝ ይወርዱ ነበር። እናቴም ታላቅ እህቴን ሐሊማንና እኔን አስከትላ ትወርድና፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ አሸዋ ስታሽከረክር ትውል ነበር። ሐሊማ ከእኔ በሁለት ክረምት ብትበልጥ ነው፤ አፏ አያርፍም፣ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል፣ ወንዙ ሲሞላና ስፈራ ጀርባዋ ላይ ጭና የምታሻግረኝ እሷ ነበረች። አባቴ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቤት ይቀራል። እኛ ረጥበን ስንመለስ የዋንዛ ፍቅፋቂ ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ ወገቡ እንዴት እንደዋለ እናቴ አትጠይቀውም ነበር።

መለኪያው አንዲት የሽመል ስንጥር ነበረች። ያኔ ሲያገለግል መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃው ለክቷት ኖሮ ልኩን በልቡ ይዞት መጥቷል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጣት እየሰጠ ያን ግዙፍ ነገር ሁለት ክንድ አደረጋት። ሆዷ ዋንዛ ነበር፣ ጭስ መውጫዋ በሰምና በጥላሸት የጠቆረ ሽመል፣ መድፎቿ የተተኮሰ ጥይት ቀለሆች። ከግራና ከቀኝ ውሃውን የሚመቱት መንኮራኩሮቿ በጣት ሲነኳቸው ይዞሩ ነበር። የብረቱ ገበታዎች የተያያዙባቸውን የምስማር ራሶች ለማሳየት ደግሞ ምን አገኘ መሰላችሁ? ሰሊጥ። አንዷን የሰሊጥ ፍሬ በእሾህ ጫፍ ያነሣና፣ ሙጫ ነክሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ይለጥፋታል፤ ከዚያ ሌላዋን። እናቴ ለወጥ ብላ ያስቀመጠችው ሰሊጥ የጦር መርከብ ላይ ተሰድሮ ሲጠብቃት ንዴቷን እናንተው አስቡት።

ሐሊማ ግን መርከቧን ትወዳት ነበር። ማታ ከእሱ ጎን ተቀምጣ ይህ ምንድን ነው፣ ያስ ምንድን ነው ስትለው እሱም ሳይሰለች ያስረዳት ነበር። አንድ ቀን ሰዎቹ የታሉ ብላ ጠየቀችው። የሰው ምስል መቅረጽ በሃይማኖታችን እንደማይፈቀድ ነገራት። እሷም ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ሰው ከሌለባት እሳቱን ማን ያነድላታል አለችው። አባቴ ሲስቅ ካየሁባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ያ ነበር።

ማሽላው ደርሶ ጎተራ ሲገባ፣ ዋዛ የምንለው ረጃጅሙ የቅል መለከት እየተነፋ በየሠፈሩ ጭፈራ ይሆን ነበር። በዚያ ዓመት ለጭፈራ የመጣው እንግዳ ሁሉ መርከቧን ሳያይ አልሄደም። አሽሟጣጮቹም መጥተው፣ ዞረው ዞረው አይተው፣ አንዳንዱ ተደንቆ ከንፈሩን መጦ ወጣ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ፤ ወገብ ሕመሙም ተረሳ። ወሬው ግን እኛ ዘንድ አልቆመም። ሼኩ ጆሮ ገባ።

ሼኩ ገዥያችን ነበር። እሱም በተራው ከዳቡስ ወንዝ ማዶ ላሉት የደጋ ሹማምንት ይገብራል። ግብሩ ወርቅ ነበር፣ የዝሆን ጥርስ ነበር፣ ሰውም ነበር። ሰው ስል ልጅ ማለቴ ነው፤ ልጅ ቶሎ ይለምዳል፣ ጠፍቶም አይመለስም ይሉ ነበር። ይህን እንደ ዋዛ ሲያወሩት የሰማሁበት ጆሮ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። በጋው ጠንቶ፣ ሣሩ ተቃጥሎ ኮረብታው ሲጠቁር ተራው የእኛ ሠፈር ሆነና፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቤት ሲመርጡ ዕጣው በእኛ ቤት፣ በሐሊማ ላይ ወደቀ።

ሊወስዳት የመጣው እድሪስ የሚባል የሼኩ መልእክተኛ ነበር፣ ረዥም፣ ነገሩ ሁሉ በቀስታ የሆነ ሰው። አባቴ እጁን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባውና መርከቧን ገለጠለት። በልጄ ምትክ ይህችን ለሼኩ ውሰድልኝ አለው። እድሪስ ተንበርክኮ መንኮራኩሩን በጣቱ አዞረው፤ ሼኩ ከሱዳን የሚመጣ ዕቃ ሲያይ እንደ ልጅ እንደሚሆን እሱም ያውቃል። ከዚያ ተነሣና፣

«ዛሬውኑ ስጠኝና ልጅህ ቤቷ ትቅር» አለ።

ይኸው ነው። አንዲት «እሺ» ብቻ ነበረች የቀረችው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበር፣ ሁላችንም ሰምተናል።

«አላለቀችም» አለ አባቴ።

በኛ ዘንድ ባለእጅ ያላለቀ ሥራ ከቤቱ አያስወጣም፤ ካስወጣ እጁ ይደርቃል ይባል ነበር። ሸክላ ሠሪዋም፣ ቅርጫት ሠሪውም ይህን ይጠብቃሉ። የአንደኛው ጎን ሰሊጥ ገና አልተለጠፈም ነበር። በዚያ ላይ ሼኩ ቤት አንድ ጀላባ፣ ማለት የሱዳን ነጋዴ፣ በእንግድነት ተቀምጧል፤ በዓባይ ላይ በእውነተኛዋ መርከብ የተሳፈረ ሰው ነው ተብሏል። ያ ሰው አይቶ እንዲህ አይደለችም ቢልስ? አባቴ የፈራው ይህን ነው። ልጁ እየሄደች እሱ የፈራው ይህን ነው!

እድሪስ ትከሻውን ነቅንቆ፣ እንግዲያው ልጅቷ መርከቧ እስክታልቅ ሼኩ ሴቶች ዘንድ ትቀመጥ፣ ባመጣህ ቀን ይዘሃት ትመለሳለህ አለ። ብቻ ግብሩ ዝናብ ሳይጥል ዳቡስን መሻገር አለበት፤ ከዚያ በፊት ይዘሃት ድረስ ብሎ አስጠነቀቀው። አባቴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«የሐሊማ አባት፣ መርከቧን እንዳለች ስጣት።»

ያላለቀ ሥራ ከቤት አይወጣም አላት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስተምራት ሆኖ።

«ልጄም እኮ አላደገችም፣ እሷም አላለቀችም። እሷ ግን እየወጣች ነው።»

ሐሊማ ለቅሶው አልገባትም። ሼኩ ቤት ስኳር አለ ብለው አባብለዋታል፤ ለአንቺም በኪሴ ይዤልሽ እመጣለሁ አለችኝ። ቀሚሷ ኪስ አልነበረውም።

አባቴ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር፤ አልሠራም አልልም። ግን አንድ ጠዋት ሲነሣ ጉንዳን መጥቶ የተለጠፈውን ሰሊጥ ግማሹን ጠርጎታል። ሌላ ሰው ቢሆን ለሼኩ የሰሊጥ ቦታው ብቻ ይበቃዋል ብሎ ተሸክሟት ይሮጥ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ የቀረውንም ፈቀፈቀና፣ ጉንዳን በማይደፍረው በበርበሬ ፍሬ እንደ ገና ጀመረ። እናቴ ለመነችው፣ ረገመችው፣ ሽማግሌ ላከችበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ ወጣ ሲል መርከቧን በነጠላ ጠቅልላ ተሸክማ ሮጠች። አጥሩ በር ላይ ደረሰባትና ሁለቱም ያዟት፣ ሁለቱም እንዳትሰበር ይሳሳሉ፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ትንሽ ቀን ብቻ፣ ትንሽ ቀን አላት። ለቀቀችለት። ከተሰበረች ሐሊማም እንደቀረች ታውቃለቻ።

ደመናው በዚያ ዓመት ተቻኮለ። መርከቧ ያለቀችው የመጀመሪያው ነጎድጓድ በተሰማ ሰሞን ነው። ነጭ ጨርቅ አልብሷት፣ በራሱ ላይ ተሸክሟት፣ እናቴና እኔ ከኋላው ሆነን ሼኩ ግቢ ገባን። ምንጣፍ ላይ አስቀመጣት። ጀላባው ተጠርቶ መጣ፤ ዞራት፣ ጎንበስ አለ፣ የበርበሬዎቹን ረድፍ በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ራሷ ናት» አለ። «እኔ የተሳፈርኩባት፣ ራሷ።»

የአባቴ ፊት በራ። በሕይወቴ ሙሉ እንዲያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አላየሁም፤ እስከ ዛሬም ይቅር ልለው ያልቻልኩት ያን ፊት ነው። ከዚያ ዘወር ብሎ ልጄስ አለ። እድሪስ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ደመናውን አይተው ወንዙ ሳይሞላብን ብለው ግብሩን ቀድመው አስነሥተውት ኖሯል፤ ከየሠፈሩ የሚፈለገው ልጅ መሙላት ነበረበትና ሐሊማንም ጨምረው ወስደዋታል። ሼኩ አዘነ። ከልቡ ነው ያዘነው፣ ዐይኑ ግን ከመርከቧ ላይ አልተነሣም። ለአባቴ ነጭ ልብስና በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አሰጠው።

አባቴ ልብሱንም ስኳሩንም ጥሎ ወደ ዳቡስ ሮጠ። ሲደርስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ብረት ውሃ ላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ከአገሩ ሁሉ የሚያውቅ እሱ አንድ ሰው፣ ዋና አይችልም ነበር። ዳር ላይ ስንት ቀን እንደቆየ አላውቅም፤ ሲመለስ ግን ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ስኳሩን እናቴ ዝናብ ላይ አስቀምጣው ሟሟ። እኔ አምሮኝ ቆሜ አየሁት፤ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ሠፈሩ አሁን ስለ ብረቱ አመነው። ጀላባው መስክሮለታላ። ግን ያው ሰው ነው፣ ማሾፊያ አያጣም፤ መርከብ የሠራው ሰውዬ ወንዝ መሻገር አቃተው እያሉ ያወሩ ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲያ ቢላዋ ለማሽላ እንኳ አላነሣም። መርከቧንም ከጥቂት ክረምት በኋላ ሼኩ ቤት ምስጥ በላት አሉ። እናቴ አልፈታችውም፣ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሲያመው ታስታምመዋለች፤ ግን እስኪሞት ድረስ «የሐሊማ አባት» ነበር የምትለው። አንድ ጊዜ፣ እባክሽ የአሚና አባት በይኝ፣ ይህችም ልጄ ናት አላት። እኔ ነኝ አሚና፤ እዚያው ቁጭ ብያለሁ።

«ሌላ ስም የለህም» አለችው።

ባርነት ቀርቷል ተብሎ በታወጀ ጊዜ ከደጋ የተመለሱ ነበሩ። እናቴ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጣ የሚያልፈውን ሴት ሁሉ ፊት ታይ ነበር። ቋንቋችንን ረስተው በአማርኛ ብቻ የሚያናግሯት ነበሩ፤ እኔም አማርኛ መማር የጀመርኩት እነሱን ለመጠየቅ ብዬ ነው። ሐሊማ የምትባል ልጅ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ አይታችኋል ወይ እላለሁ። ስም ይቀየራል እኮ ይሉኛል። እናቴ እዚያው መንገድ ዳር አረጀች። ሐሊማ ታላቄ ነበረች፤ አሁን ሳስባት ግን ከልጅ ልጄ ታንሳለች።

የልጅ ልጄ በቀደም ለፈተና ነቀምት ሄዳ ነበር። ስትነሣ ስንቋን ቋጥሬላት እስከ መኪናው ሸኘኋት፤ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ይዛ፣ አቧራ ለብሳ ከች አለች። ዳቡስ እንዴት ነበር፣ ሞልቷል ወይ አልኳት። አያቴ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ተኝቼ ነበር፣ አላየሁትም አለችኝ፤ ስትመለሺስ ብላት፣ ስመለስም ተኝቼ ነበር አለች።